የእትዬ ብርነሽ የገና ጉንጉን

አበባ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር የሄድኩት። ሱቁ ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ነው። አበባ ቤት ሲባል ሠርግና ሙሽራ መስሎኛል። አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ከላይ እስከ ታች አዩኝና አንድ ጆንያ የጽድ ቅጠል እግሬ ሥር ዘረገፉ። በጣት ቁመት እየቆረጥሽ ደርድሪ አሉኝ። እስኪመሽ ስቆርጥ ዋልኩ፤ ሙጫው ከዚያ ቀሚስ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የምንሠራው የቀብር ጉንጉን ነበር።

ቤቱ ማዕረግ ነበረው። አዲስ የገባ ቆራጭ ነው፤ ቀጥሎ አሳሪ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ሪባኑ ላይ የሟቹን ስም የሚጽፈው ነው፤ እሱን ጋሽ ተፈራ ለማንም አይለቁም። እኔ አሳሪ ለመሆን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሦስት አራት ቅርንጫፍ አንድ ላይ ይያዝና በሽቦው ቀለበት ላይ ይታሰራል፤ የሚቀጥለው እስር የፊተኛውን እግር ይሸፍናል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ሲያልቅ ጋሽ ተፈራ ከፍ አድርገው ያራግፉታል። አንድ ቅጠል ከወደቀ ፈትቶ እንደገና ነው።

ሰው ሥራሽ አያስፈራም ወይ ይለኛል። አያስፈራም። የሚቆጨኝ ሌላ ነበር፤ ስንቱን አሳምሬ ሳስር የተሠራለት ሰው አያየውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገና ሲቃረብ ሜሮን የምትባል ወጣት መጣች። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። እዚያ ለፈረንጆቹ ገና በር ላይ የሚሰቀል የቅጠል ጉንጉን አይታ ልቧ ቀርቷል። እናቷ እትዬ ብርነሽ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተው ገና መውጣታቸው ነው። በእኛው ገና ዋዜማ የእናቴ በር ደስ ይበለው፣ ሥሩልኝ አለች።

ጋሽ ተፈራ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ጉንጉን ለሕያው ሰው በር? ሟርት ነው። እኔ የለሁበትም" አሉ። እኔ እሠራለሁ አልኩ። ከሠራሽ በራስሽ ስም ነው አሉኝ። ይሁን አልኩ፤ እልኸኛ ነኝ።

በሩን ልለካ ስሄድ ሜሮን የቤቱን ጉዳይ አጫወተችኝ። በአጥር የሚዋሰኗቸው እትዬ አስካለ የእናቷ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በጎርፍ ቦይ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላምታ የለም፤ ሆስፒታልም አልመጡም። "እማዬ ጠያቂ በገባ ቁጥር ቀና የምትለው እሳቸውን ብላ ነው" አለችኝ።

የለቅሶውን የሽቦ ቀለበት ተውኩት። የወይራ ለጋ ቅርንጫፍ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ነክሬ እንደ ሰፌድ ጠርዝ አጎበጥኩት። ቅጠል ለመምረጥ እጽዋት ማዕከል ወጥቼ አንድ አትክልተኛ አማከርኩ። ከእኛ ግቢ አንዲት ቅጠል አትቆረጥም አለኝ፤ ምክር ግን አልነፈገኝም። ወይራ ቢደርቅም ቶሎ አይረግፍም፣ ጽድ ሽታው ይቆያል አለኝ። ሁለቱንም ከአክስቴ አጥር ቆረጥኩ። በመሀል በመሀሉ ቀይ የቀጋ ፍሬ ሰካሁበት፤ እጄን ወግቶ ጨረሰኝ። ሳራግፈው አንድም አልወደቀም። ስም ሳይጻፍበት ከእጄ የወጣ የመጀመሪያው ጉንጉን ነው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በዋዜማው ጠዋት ታቅፌው ታክሲ ስገባ ረዳቱ የፊቱን ወንበር ለቀቀልኝ። አንዲት እናት ከኋላ "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አሉኝ። የገና ነው ብላቸው ሀዘኑ ያናወዘኝ መስሏቸው ይብስ አዘኑልኝ። እኔ እየሳቅሁ ወረድኩ። ነገሩ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ስደርስ ሜሮን ዶሮ ልትገዛ አዲሱ ገበያ ሄዳለች፤ እትዬ ብርነሽ ተኝተዋል። ልሰቅለው ስል ሚስማር አልያዝኩም። ጉንጉኑን የውጪው በር ላይ አስደግፌ ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ወደ ጀማል ወረድኩ። ጀማል ሚስማሩን መርጦ፣ መዶሻውን ፈልጎ እስኪያውሰኝ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ስመለስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉንጉኑን መጀመሪያ ያዩት እትዬ አስካለ ነበሩ። ነጠላቸው ወድቆ ደረታቸውን ይደቃሉ። "ሳልታረቅሽ! ብርነሽ፣ ሳልታረቅሽ!" ይላሉ። አንዱ ጎረቤት አግዳሚ ወንበር ያወጣል፤ ሌላው ድንኳን ለማስመጣት ወደ እድሩ ዳኛ ሮጧል። እኔ መዶሻ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

ይባስ ብሎ ሜሮን ዶሮዋን አንጠልጥላ ብቅ አለች። ጉንጉኑን ያዘዘችው እሷ ናት፤ የሚያለቅስ ሰው ስታይ ግን እሱን ማን ያስታውሳል። "እማዬ!" ብላ ስትጮህ ዶሮው ከእጇ አምልጦ በሰው እግር መሀል ሮጠ።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ። እትዬ ብርነሽ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ማን ሞቶብን ነው?" አሉ።

እትዬ አስካለ፣ "አንቺ ነሻ!" አሉ።

"እኔ? ለእኔ የነገረኝ የለም።"

እትዬ አስካለ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ስንት ጊዜ በሩን ልገፋ መጥቼ ከደጅሽ ተመለስኩ እያሉ ያነባሉ። እትዬ ብርነሽ ጀርባቸውን ቸብ ቸብ አደረጉና "ዛሬ መጣሽ አይደል? በቃ" አሏቸው። ሜሮን ሁለቱንም አቅፋ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። የቀረው ሰው ግማሹ ዶሮ ማባረር ያዘ፣ ግማሹ ወደ እድሩ የሮጠውን ሰው ሊመልስ ሄደ።

ቀጥሎ ሁሉም ዓይን ጉንጉኑ ላይ አረፈ። ይጣል፣ ከደጅ ይነሳ የሚል ድምፅ በረከተ። እትዬ ብርነሽ የማን ሥራ ነው ሲሉ ከኋላ ሆኜ የእኔ ነው አልኩ፤ ለገና ብዬ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ቀጋውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። "ስንት ሰው እንደሚያለቅስልኝ ቆሜ አየሁ። ይሄ አይጣልም።"

እትዬ አስካለ እንባቸውን ጠርገው ወደ ቤታቸው ገቡና ለበዓሉ የገዙትን ቄጠማ አንድ እቅፍ ይዘው ወጡ። "ቄጠማ ያለበት ለቅሶ የት አለ?" አሉና በጉንጉኑ ዙሪያ ይጠቀጥቁት ጀመር። አጠቃጠቃቸው ለዓይን አይሆንም፤ ጣቴን በላኝና ተቀብያቸው በወጉ አሰርኩት። ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ በደጁ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚለው "እንኳን አደረሳችሁ" ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ዶሮውን የሠሩት ሁለቱ አሮጊቶች ናቸው። ሜሮን ሽንኩርት ብቻ ነው የላጠችው። እኔም ተጠርቼ በላሁ። ጋሽ ተፈራ ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት የገና ትእዛዝ ራሳቸው መቀበል ጀመሩ።

ዛሬ ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ለሰው ያሰርኩትን ጉንጉን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ወጥቶ ያመሰገነኝ ግን ያን ቀን ነው።

ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው አጭር ነው። የገና ጉንጉን ቄጠማ ይግባበት። ደጅ ከደረሰ መሬት አይቀመጥም። ሚስማሩን ይዛችሁ ሂዱ።