የሰናይት ግራ ጉንጭ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የንስሐ አባቴ በየጾሙ ሲጠይቁኝ ስካሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬ ልጀምር? አባ፣ አንድ መብራት ከቦታው አንቀሳቀስኩ ልበላቸው? ይህም ኃጢአት ሆኖ ነው ወይ ይሉኛል። ነው። እኔ በአንድ መብራት ሰው አጥፍቻለሁ።

ሽሮ ሜዳ፣ ከጥበብ ሱቆቹ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰናይት ከጎኔ ባለችው ክፍል ሙሽሮችን ትኳኩል ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ተደፍቶባት ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ቀርቶባታል፤ ግን ማንም ልብ አይለውም ነበር፣ እሷም ረስታው ነበር። ስትስቅ ፊቷን ለሰው ሁሉ ሰጥታ፣ ከት ብላ ነበር የምትስቀው።

እወዳት ነበር። ነገርኳት። እንደ ወንድሟ እንደምታየኝ እጄን ይዛ፣ እንዳይከፋኝ ተጠንቅቃ ነገረችኝ። አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ወጥቶልኝ ቢሆን ይሻል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የሐበሻ ቀሚስ ነጋዴ ለሱቋ ማስታወቂያ የምትሆን ሴት እየፈለገች መሆኑ ተሰማ። ሰናይት ፎቶ እንዳነሳት ለመነችኝ። ቀሚስ ተውሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ደስታዋን ብታዩት! እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶው ካማረ ከተማው ሁሉ ያያታል፣ ከእኔም ትርቃለች።

አሁን ያደረግኩትን ልናገር። ፍላሹ ከካሜራው ተለይቶ በስታንድ ላይ ነው የሚቆመው፤ የት እንደሚቆም የምወስነው እኔ ነኝ። ከፊት ለፊቷ ከፍ አድርጌ፣ በነጭ ጃንጥላ አለስልሼ ባበራው ጠባሳዋ አይታይም ማለት ይቻላል። ይህን አውቃለሁ። ለማንም የማደርገው ይህንኑ ነው። ያን ቀን ግን ጃንጥላውን አወለቅኩ። ስታንዱን ወደ ግራዋ ጎተትኩት፣ ዝቅ አደረግኩት፣ ባዶው ፍላሽ ጉንጯን እየፋቀ እንዲያልፍ አድርጌ አነሳኋት። ከጎን የሚመጣ ብርሃን ቆዳ ላይ ላለች ለትንሿ ጉብታ ሁሉ ጥላ ይሰጣታል። ጠባሳው እንደታረሰ መሬት ሆኖ ወጣ። እጄ ስቶ ነው? አልሳተም። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ አውቄ ነው ያደረግኩት።

ፎቶውን ስታይ ግራ ጉንጯን በጣቷ ዳበሰች። ቀና ብላ፣

«ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚያየኝ?» አለችኝ።

ያኔም መመለስ እችል ነበር። ቆይ፣ ስታንዱን ላዙረው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን «መብራት አይዋሽም፣ ሰኒ» አልኳት።

ፎቶውን ለነጋዴዋ ሳታሳይ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ነጠላዋን ግራ ጉንጯ ላይ መሳብ ጀመረች፤ በጠራራ ፀሐይም፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ ውስጥም አትለቀውም። መስታወት ፊት መቆም ስላስጠላት ሙሽሮቿንም ተወች። ሊያገባት ሽማግሌ የላከውን ሰው፣ ቢያዝንልኝ ነው እንጂ ምኔን ወዶ ብላ እንደመለሰችው ሰማሁ። ለእኔስ ቀረችልኝ? አልቀረችም። በመንገድ ስታገኘኝ እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው ሰላም የምትለኝ። ስታፍር! እኔን ልታፍር!

ከዓመታት በኋላ እናቷ እማማ አስካለ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሰናይት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስለነበር ብቻችንን ነበርን። እማማ ያንን ፎቶ አይተውት ኖሯል።

«ይሄ መልክሽ አይደለም ብላት፣ አንቺ እናቴ ስለሆንሽ ነው አለችኝ» አሉኝ። «አንተን ታምናለች። የመብራቱ ጥፋት ከሆነ ንገራት፣ ልጄ።»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እናት በሞት አፋፍ ላይ ሆና በሩን በእጇ ከፍታልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «አይ እማማ፣ የመብራቱ አይደለም» አልኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በዚያው ሰሞን አረፉ። ድንኳን ውስጥ ሰናይት አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለማን ነበር የማለቅሰው?

ዘንድሮ ሰናይት አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ተቀጠረች፤ ለመታወቂያ ፎቶ ስለተጠየቀች መጣች። ነጠላዋን ስታወርድ ዓይኗን ጨፈነች። ጃንጥላውን ገጥሜ፣ ፍላሹን ከፊት ለፊቷ ከፍ አድርጌ አቆምኩት። አንዴ አነሳኋትና ምንም ሳልነካው አሳየኋት። ሰናይት ነበረች። ዕድሜ ጨመረች እንጂ ያቺው ግቢያችን ውስጥ የማውቃት ሰናይት።

ብዙ አየችው። ከዚያ ፈገግ ብላ፣

«ጠባሳውን በኮምፒውተር አጥፍተህልኝ ነው አይደል? እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። «ግን ለመሥሪያ ቤት ስለሆነ እውነተኛውን አድርግልኝ።»

እውነተኛው ይኸው ነው ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። እኔ ግን «እሺ» አልኳት። እሺ! ፎቶውን እንዳለ አትሜ ሰጠኋት፤ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ነጠላዋን ስባ ወጣች።

ወጣት ነበርኩ፣ ፍቅር አሳውሮኝ ነው አልልም። ለእናቷ ስዋሽ ወጣት አልነበርኩም፤ እሺ ስላትም ዓይኔ ያይ ነበር። ይህን የምታነቡ፣ እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው። እሷ ደግሞ መርቃኝ ነው የሄደችው።