የራዲዮ ድንጋይ ሙሽሮች

ልጄ የጻፈችውን መጽሐፍ ይዛ ሱቄ የመጣችው ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነበር። መጽሐፍ ልበለው እንጂ ገና አልታተመም፤ በፕላስቲክ የተጠረዘ ወፍራም ወረቀት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ መጀመሪያ ያለችኝን አልሰማሁም። ወረቀቱን ከፈታታሁት ቴሌቪዥን አጠገብ አስቀመጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ።

«ማተሚያ ቤት ሳይገባ እንዲያነቡልኝ ነው፣ አባዬ።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ፍቅር።»

«ስለ አገር ፍቅር?»

«ኧረ ስለ ሰው ነው» አለች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «ስለ ወንድና ሴት።»

ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩ። በቁስቋም ሰፈር አቋሜ የታወቀ ነው። ልብ ወለድ ሥራ ያስፈታል፣ የፍቅር ልብ ወለድ ደግሞ ቤት ያስፈታል እያልኩ ስንቱን የጎረቤት ልጅ መክሬያለሁ። አሁን የገዛ ልጄ ያንኑ ጽፋ መጣች፤ ያውም በጾም።

«ሽፋኑ ላይ የእርስዎ ስም ይወጣል» አለች። ይህን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው በአባቱ ነው፤ ሴት ልጅ አግብታም ወልዳም የአባቷን ስም አትጥልም። እሷ ለጻፈችው ፍቅር እኔም በስሜ ልቆምለት ነው። «ካልወደዱት በብዕር ስም አወጣዋለሁ። አልቀየምም። ጾሙ እስኪፈታ ያስቡበት፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ።»

አልቀየምም ትበል እንጂ ጣቶቿ የወረቀቱን ጫፍ አልለቀቁም ነበር።

የተወለድኩት አምባ ጊዮርጊስ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ተውኩ። ራዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አንድ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቼ፣ ይብሱን ገድዬ፣ ዓመት ሙሉ ስፈታና ስገጥም አንድ ቀን ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚማረው በሥራ እንጂ በጨዋታ አይደለም የሚል እምነት ያዝኩ። ስለዚህ ለልጄ አሻንጉሊት ገዝቼላት አላውቅም። በድህነት ማመካኘት እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ቢኖረኝም አልገዛም ነበር።

እናቷ ትምህርት ቤት ጽዳት ትሠራ ስለነበር ልጅቱ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የምትውለው ከእኔ ጋር ነው። ቦታዋ ከጠረጴዛዬ ሥር ነበር። እዚያ ደግሞ ኃይል ያለቀባቸውን የራዲዮ ድንጋዮች፣ ማለት ባትሪዎቹን፣ የምጥልበት ካርቶን አለ። ደንበኛ አዲስ ድንጋይ ሲያስገባ የሞተውን ጥሎ ስለሚሄድ ካርቶኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ዝም ማለቷን እንጂ የምትሠራውን ልብ አላልኩም። አንድ ቀን የወደቀ ብሎን ፍለጋ ጎንበስ ስል ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ አገር ሰው አየሁ። ድንጋዮቹን በጨርቅ ቁራጭ አልብሳቸዋለች። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የፈታሁትን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሙሽሪት ላደረገቻቸው ድንጋዮች ሹሩባ አድርጋላቸዋለች፤ ጉንጉኑ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። የተበላሸ ትራንዚስተር ሽማግሌ ሆኗል። ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፤ ሁለቱ እግሩ፣ ሦስተኛው ምርኩዙ ነው። ከስፒከር የወጣው ክብ ማግኔት ደግሞ ሠርግ ቤት ነበር። ድንጋዩ ቆርቆሮ ለባሽ ስለሆነ ማግኔቱ ጠጋ ያለውን ሁሉ ጠቅ አድርጎ ይይዛል።

«ለምን ሠርግ ቤት አልሽው?» አልኳት።

«የገባ አይወጣማ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ እየሠራሁ ጆሮዬን ወደ ታች መጣል ጀመርኩ። ሽማግሌው ትራንዚስተር ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ በሁለት ዓይነት ድምፅ ታወራለች።

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ልጃችሁ ምን አለው?»

«ምንም የለው። ሞቷል።»

«የእኛም ሞታለች።»

«እንግዲያ ይስማማሉ።»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። አባት በልጁ ጨዋታ ከሳቀ ይናቃል ብዬ አምን ነበር።

ባላገር የሚያውቃት አንዲት ብልሃት አለች፦ የሞተ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ቢውል ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ልጄም ሙሽሮቿን ጥንድ ጥንድ አድርጋ መስኮቱ ላይ ታሰጣቸዋለች። አንድ ቀን የምፈትንበት ድንጋይ አጣሁና ከመስኮቱ ሁለቱን አነሣሁ። ልብሳቸውን አውልቄ ራዲዮ ውስጥ ከተትኳቸው። ራዲዮው ተናገረ። አንድ አፍታ፣ አንዲት ሴት ዜና ልትጀምር ሰላምታ እስክታቀርብ ድረስ ብቻ ነው የተናገረው፤ ግን እነዚያን ድንጋዮች ሞታችኋል ብዬ የጣልኳቸው እኔው ነበርኩ። አውጥቼ አገላብጬ አየኋቸው። ልጅቱ ግን አልገረማትም።

«ታርቀው ነው» አለችኝ።

አሁን የእኔን ልናገር። ያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራዲዮ ላይ ትረካ ነበር፤ ልብ ወለድ በክፍል በክፍል ይነበባል። ያ የሚነበበው የፍቅር ነበር። እኔ፣ የሰፈር ልጅ የምመክረው ሰው፣ አንድም ክፍል አላመለጠኝም። ራዲዮ እየፈተንኩ ነው እላለሁ። ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ወፍጮ ቤት ስላለ፣ ወፍጮው ሲነሣ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። የጥሩ ራዲዮ ድምፅ ስለሚጥመኝ፣ የዳነውን ራዲዮ ትረካው እስኪያልቅ የማስቀርበት ጊዜም ነበር። ከወገራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሁለት ገበያ ተመላልሰው በሦስተኛው ደጄ ላይ ቆሙ።

«ምነው ወንድሜ፣ ይኸ ራዲዮ ውጭ ድረስ ይሰማኛል። አልዳነም?»

«አልዳነም አያ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።»

ሽማግሌው ጆሮአቸውን አዘነበሉ። ትረካው መሐል ላይ ነበር፤ ሴቲቱ ልትሄድ ሻንጣዋን አንሥታለች።

«የሚንቀጠቀጠውስ የአንተ ከንፈር ነው» አሉና ቁጭ ብለው እስኪያልቅ አብረውኝ ሰሙ። ሲያልቅ ራዲዮአቸውን አንሥተው «ትሄዳለች ብለህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንጃ አልኳቸው። በእግዜር ፊት እውነቱን ለመናገር፣ ሳምንቱን ሙሉ የማስበው ያንን ነበር።

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የሒሳብ ደብተሯን አየሁ። ከማባዛቱ ቀጥሎ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፋለች። የትረካዋ ሴት ሻንጣዋን መልሳ ስታስቀምጥ፣ ሰውየው ሲያለቅስ፣ በመጨረሻ ሁለቱም መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቁ። ከጠረጴዛው ሥር ሆና ስትሰማ ኖራለች። ደሜ ፈላ። የፈላብኝ ስለጻፈች ብቻ አልነበረም፤ እኔም በልቤ የተመኘሁት መጨረሻ ያው ስለነበረ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ለራሴም አላልኩትም።

«ይህን ብልግና ከየት አመጣሽው?»

«ከራዲዮ። አባዬም ይሰማሉ።»

«እኔ እፈትናለሁ እንጂ አልሰማም!»

ካርቶኑን አሸክሜ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወሰድኳትና ሙሽሮቹን በራሷ እጅ አንድ በአንድ አስጣልኳት። አላለቀሰችም። እያንዳንዱን ከመጣሏ በፊት ልብሱን ታስተካክል ነበር። ማግኔቱን ግን ብሎን መያዣ ይሆነኛል ብዬ አስቀረሁት።

ከዚያ በኋላ የትረካው ሰዓት ሲደርስ ማንም ሳይላት ተነሥታ ትወጣለች። ውጭ፣ የሱቁ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆማ ከሰፈራችን በላይ ወዳለው የጥንት እቴጌ ፍርስራሽ ግንብ እያየች ትቆያለች፤ ሲያልቅ ትመለሳለች። እኔስ ተውኩ? አልተውኩም። ብቻዬን ሰማሁ።

እንግዲህ ያቺ ልጅ ናት ወረቀቱን ያመጣችልኝ።

ማንበብ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ቤት ይዤው ብሄድ እናቷ ትስቅብኛለች ብዬ ሱቅ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ቀፎ በስተጀርባ ከልዬ አነበብኩት። አንድ ጎረምሳ ስልኩን ሊያሠራ ገብቶ ምን እንደማነብ ቢጠይቀኝ «የቴሌቪዥን መመሪያ» አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጾም ቀን! የሚዘለል ገጽ ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንድም አልዘለልኩም። ሁለቴ ያነበብኩትም አለ።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ሴት የልጅነቷን ነገር ለወዳጇ የምትነግርበት ቦታ ስደርስ የተፈታታው ቴሌቪዥን፣ ዝናቡ፣ ሱቁ ሁሉ ጠፋብኝ። ያቺ ሴት ያደገችው ራዲዮ ጠጋኝ አባቷ ዘንድ ነው። ሰውየው ኮስታራ ነው፤ መጫወቻዎቿን ጉድጓድ አስጥሏታል። ይህን ሁሉ አልደበቀችም። ነገር ግን ትረካ ሲጀምር ልጅቱ ውጭ ግድግዳው ሥር መቆሟን አባትየው ያውቃል ትላለች። ልጅቱን ተመለሺ ማለት አፉ እንቢ ስለሚለው፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማት ድምፁን ከፍ ያደርግላታል። ሴቲቱም ፍቅር ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ ድምፅ ነው ብላ ለወዳጇ ትነግረዋለች።

ወረቀቱን ዘጋሁ። እኔ ድምፁን ከፍ ያደረግኩት ለእሷ አልነበረም። ለወፍጮው ነበር።

ሦስት ቀን ይህ ነገር አስጨነቀኝ። አንድ ልጅ ከጣልኩት የሞተ ድንጋይ ሙሽራ ሠራች፤ አድጋ ደግሞ ከእኔ ክፋት ደግ አባት ሠራች። ይህ ምን ዓይነት እጅ ነው? እኔ የማድነው ቀድሞ ይናገር የነበረውን ነው። እሷ ተናግሮ የማያውቀውን ታናግራለች። ዝም ብል በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ለዘላለም ደግ ሆኜ እቀራለሁ። ብናገር ደግሞ የመጽሐፏን እምብርት ላፈርስባት፣ ያችን ልጅም ለሁለተኛ ጊዜ በባዶ እጇ ላስቀራት ነው።

በመጨረሻ ለእናቷ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ምነው ዝም ብትል?» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ሸጋ ሰው ብላ ብትጽፍህ ምናለበት?»

ነገሩ ከበደኝ። ስሜን የምሰጥ ከሆነ፣ ላላደረግኩት ነገር ልሰጠው አልችልም።

ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ልጄ ወደ ሱቁ መጣች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ብሎን የተጣበቀበት ማግኔት ላይ አረፈ።

«ሠርግ ቤቱ አለ እንዴ?»

«አለ። ተቀመጪ።»

ጥርስ እንደሚነቅል ሰው በአንድ ጊዜ አወጣሁት። «ራዲዮውን ከፍ ያደረግኩት ላንቺ አልነበረም። ወፍጮው ስለሚያስቸግረኝ ነው። እኔ ራሴ ልሰማ ፈልጌ ነው። ያን ቀንም እፈትናለሁ ያልኩሽ ውሸት ነበር። ዕውቂው።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ብሎኖቹን ከማግኔቱ እያላቀቀች መልሳ ታጣብቃለች።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል። ወፍጮው ሲቆም ራዲዮውን ይቀንሱት ነበር። ያን ጊዜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው የምሰማው።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን እንዲህ ጻፍሽ?»

«ድንጋዩ ሙሽራ እንዳልሆነም አውቅ ነበር እኮ።»

ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በራሴ የተማርኩት ሁሉ በዚያች ቃል ፊት ትንሽ ሆነብኝ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ሳይወጣ ወጣ ብዬ አልጽፍም። ያወጣሁት ሌላ ነው።

«ስሜን ጻፊው» አልኳት። «ወፍጮውንም ግን ጻፊው።»

«ወፍጮ ከገባበትማ ፍቅሩ ዱቄት ሆነ!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እኔም በሳል አልሸፈንኩም፤ አብሬያት ሳቅኩ።

መጽሐፉ ታትሞ የደረሰኝ በበጋ ነው። ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሽፋኑን አየሁ፤ ስሜ ከስሟ ቀጥሎ አለ። ከዚያ ያችን ቦታ ፈለግኩ። ወፍጮው ገብቷል፤ ከግድግዳው ማዶ ይጮኻል። ልጅቱ ውጭ ቆማለች። አባትየው እጁን ዘርግቶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለምን ከፍ እንዳደረገ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ግን ከመጽሐፉ ተሰርዟል።