የወረቀቷ ጀግናና የአባቴ ነጠላ

ባለፈው ሳምንት ልጄ እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ በሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት ወላጆች ተጠርተን ነበር። መምህሯ በትንሽ ድስት ዱቄትና ውሃ እያማሰለች ሙጫ ስትሠራ፣ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ምን ነካት ሳትል አልቀረችም። ያ ሞቅ ያለ፣ ሊጥም ገንፎም ያልሆነ ሽታ የአባቴ ሽታ መሆኑን እንዴት አድርጌ ላስረዳት? አንቺ ጓደኛዬ ግን ይገባሻል፤ ስሚኝማ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር፣ ትራም ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው የሚንጫጫ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ልጅ እየያዘች እዚያው ታድራለች፤ ወደ እኛ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። እኔንና እናቴን ያቀራረበን የካርቱን ፊልም ነበር ብልሽ አትሳቂ። ቀይ ቦት ጫማ የምታደርግ፣ ድልድይ በአንድ እጇ የምታነሳ ልጅ ነበረች። እኔ በጀርመንኛ አያታለሁ፤ እናቴ ከአሠሪዎቿ ልጅ ጋር ተቀምጣ በፈረንሳይኛ ታያታለች። ከዚያ በስልክ የኳስ ደጋፊ ይመስል እንከራከራለን።

አንድ ቀን ከጄኔቭ ትልቅ ፖስታ መጣ። የዚያች ጀግና ምስል ያለበት፣ ተቆርጦና ተጣጥፎ የሚሠራ ወፍራም ወረቀት ነው፤ እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ሲቆርጥና ሲያጣብቅ የሚያድግበት ዓይነት። እናቴ እንዳልደክም ብላ ቆርጣ ጨርሳዋለች። በስልክም፣ «ጥርት አድርጌ ነው የቆረጥኩልሽ፤ ቅዳሜ ስመጣ ቆማ ላያት» አለችኝ።

እውነትም ጥርት አድርጋ ነበር። ከቀለሙ ዳር የወጡትን፣ ቁጥር የተጻፈባቸውን ትናንሽ ነጫጭ ጠርዞች በሙሉ ትርፍ መስለዋት ከርክማ ጥላቸዋለች። ሙጫ የሚቀባው ደግሞ እነሱ ላይ ነው። እናቴ ልብስ ስትተኩስ አንዲት ክር ወጥታ ካየች የማታሳልፍ ሴት ናት፤ ያንን ሁሉ ዝርክርክ ነገር አይታ እንዴት ትለፈው?

«አባዬ፣ ካፑት ነው፤ ተበላሽቷል» አልኩና አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ወረቀቱ ብቻ አልነበረም። ማበላሸቷን ስትሰማ የእናቴ ፊት ምን እንደሚሆን ታይቶኝ ነው። በወር አንዴ የምትመጣ እናት ከፍቷት እንድትመለስ ማን ይፈልጋል?

አባቴ ዲቤንዶርፍ በሚባል አካባቢ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ሲጥል ውሎ መግባቱ ነበር። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቁርጥራጮቹን ገለባበጣቸው። ከዚያ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ የተገነጣጠለ መጽሐፉን የጠረዘለት ሰው ጨርቅ በዱቄት ሙጫ እየነከረ እንዴት እንዳያያዘው እያወራኝ ድስት ጣደ። ጨርቅ ፍለጋ ቤቱን አተራመሰው፤ ጂንስ ወፈረበት፣ ካልሲ ተለጠጠበት። በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሳትን ነጠላ አወጣ፣ ትንሽ አያት፣ ከጫፏ ጀምሮ ቀደዳት። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲገባ እጇን ከትከሻዋ፣ ጉንጯን ከጆሮዋ በነጠላው ቁራጭ ስናያይዝ ሰነበትን። ከውስጥ ደራርበን ስለለጠፍንባት ስትደርቅ ጠነከረች፤ ጭንቅላቷን ሲያንኳኩት የበር ድምፅ ነበረው። እንዳትወድቅ ቦት ጫማዋ ውስጥ ምስር ሞላንበት። አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ ቀረ እንጂ ሌላ ነውር አልነበራትም። አንዴ አባቴ ጣቶቹ ተጣብቀውበት ቧንቧውን በክርኑ ሊከፍት ሲታገል እንዲህ ሳቅን፣ እንዲህ ሳቅን፣ የታችኛዋ ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበችው።

ቅዳሜ እናቴ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀግናዋን አነሳቻት፣ አገላበጠቻት፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። ከዚያ «አያችሁ፣ ጥሩ ከተቆረጠ እንዲህ ነው» አለች።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንነሳ የአባቴን ነጠላ ጠየቀች። አባቴ፣ ታጥባ ታች የጋራ ማጠቢያ ክፍል ተሰጥታለች አላት። እሑድ ክፍሉ እንደሚቆለፍ፣ በዚህ አገር በሰንበት ልብስ የሚያጥብ እንደሌለ ጭንቀት አስረስቶት ነው። እናቴ ሹራቡን አቀበለችው። ከቅዳሴ በኋላም ላገኘችው ሁሉ እንዴት አድርጋ እንደቆረጠችልኝ ስታወራ፣ አባቴ በሹራብ ብቻ ከጎኗ ቆሞ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቅ ነበር።

አሁን አባቴ የለም። እናቴም ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ናት። ያን ቀን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስመለስ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች አገኘኋትና፣ ከእንግዲህ ማን ይከፋዋል ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እኮ አውቃለሁ» አለችኝ። ለካ ፖስታውን በላከች በማግስቱ የአሠሪዎቿ ልጅ የራሷን ጀግና ስትሠራ፣ በነጫጮቹ ጠርዞች ላይ ሙጫ ስትቀባ አይታ ኖሯል። በዚያ ቅዳሜ የመጣችው ሌላ ያልተቆረጠ ወረቀት ገዝታ፣ ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት እያለች ባቡር ውስጥ ስትጨነቅ ነው። ወረቀቱንም ከቦርሳዋ ሳታወጣ ወደ ጄኔቭ መልሳ ወስዳዋለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አባትሽ ከኋላሽ ቆሞ፣ ጣቱ ላይ ሙጫ ደርቆ፣ በዓይኑ ሲለምነኝ ምን ልበል?»

አባቴ እናቴን እንዳታለላት እያመነ ነው የሞተው፤ በዚያም በጣም ይኮራ ነበር። ይህንን ስነግራት እንባዬ መጣ፣ ሳቄም አብሮት መጣ።

«ደስ ብሎት ነበራ» አለች እናቴ፣ ድንቿን መልሳ እያነሳች።