ከእትዬ ሙሉ ጋር ወደ ዓሣ ነባሪዎቹ ማዕድ

ለንደን ካለው ሰፈራችን ከዊልስደን የተነሣነው ፍልሰታ እንደገባ ነው። እኔ የምሄደው ለሥራ ነው። ዓሣ ነባሪዎች በፈረንጆቹ በጋ ለመመገብ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲወጡ የት የት እንደሚሄዱ ለንደን ቢሮዬ ተቀምጬ በሳተላይት እከታተላለሁ። የባሕሩ በረዶ እየቀለጠ፣ መርከብ እየበዛ ስለመጣ መንገዳቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዓመታት ስክሪን ላይ እንደ ነጥብ አየኋቸው እንጂ አንዷንም በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ሙሉ አክስቴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እዚያው ዋልታው አካባቢ ሁለት ዓመት የሚያስቀምጥ ሥራ እንዳገኘሁ ስነግራቸው ሂጂም አትሂጂም አላሉም። “መጀመሪያ አገሩን ልየው” ብለው ትኬት ቆረጡ። እኔም ብቻቸውን ጥያቸው መሄዱ ከብዶኝ ለሥራው መልስ አልሰጠሁም ነበር።

ሎንግየርቢየን

በኦስሎ አድርገን፣ ሥራው ያለባት የኖርዌይ ደሴት ከተማ ደረስን። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ተራራው ጥቁር፣ ቤቶቹ ቀይና ቢጫ ናቸው፤ ፀሐይዋም በዚህ ወቅት አትጠልቅም። ከከተማው መውጫ ላይ የነጭ ድብ ምስል ያለበት ምልክት ቆሟል።

“ምንድነው እሱ?” አሉኝ እትዬ ሙሉ።

“ከዚህ ወዲያ ያለ ጠመንጃ አይኬድም ማለት ነው።”

“ልትኖሪ ያሰብሽው እዚህ ነው?” አሉና ከካፖርታቸው በላይ የደረቡትን ነጠላ ጠበቅ አደረጉ።

ምግብ ቤት ብንገባ የአንድ ሰሃን ሾርባ ዋጋ ለንደን ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ የሳምንት አትክልት ይገዛል፤ ያውም ቅቤ አለበት። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ኢንግሪድ እትዬ ሙሉ ጾመኛ መሆናቸውን ስትሰማ ድንችና ካሮት በዘይት ሠርታ አቀረበችላቸው። እሳቸውም ከሻንጣቸው ሽሮ አወጡ። በማግስቱ ወደ ባሕር ስወጣ ሁለቱ ምድጃው ዳር ቆመው ሲሳሳቁ ተውኳቸው።

ባሕሩ ላይ

የላስቲክ ጀልባችንን የምትመራው ሔለን የምትባል ባልደረባዬ ናት። በአየር ግፊት በሚሠራ ጠመንጃ፣ ታግ የምንላትን ትንሽ ማሰራጫ ዓሣ ነባሪዋ ጀርባ ላይ ትተክላለች። ታጓ ለሳተላይቱ ምልክት የምትልከው ዓሣ ነባሪዋ ለመተንፈስ ብቅ ስትል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ተኩስ ሳተ፤ ታጓም ሰመጠች። የቀረችን አንዲት ብቻ ነበረች።

ከዚያ ከጎናችን ውኃው አበጠና አንዲት ዓሣ ነባሪ ወጣች። ትንፋሿ ፊቴን አራሰው፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የያዝኩትን ሥራ ረስቼ አለቀስኩ። ሔለን ተኮሰች፤ ታጓ ተተከለች። ዓሣ ነባሪዋ ጅራቷን አንሥታ ጠለቀች።

ምልክት ግን አልመጣም። በማግስቱም ዝም። ታጓ ወልቃ ይሆን? አውሎ ነፋስ ይመጣል ስለተባለ ዳግመኛ መውጣት አልቻልንም። የዓመት ልፋታችን ባሕር ገባ ብዬ አዘንኩ።

“ቼክ አድርጊ እስቲ” ይሉኛል እትዬ ሙሉ በየሰዓቱ።

የመልስ መንገድ

ኦስሎ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠን ስልኬን ስከፍት የመከታተያው ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ አየሁ። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ።

“እትዬ፣ መጣች!”

አማተቡና መነጽራቸውን አደረጉ። “ለምንድነው እዚያው በዚያው የምትዞረው? ጠፍቷት ነው?”

“አይደለም። እንዲህ ስትሆን ብዙ ጊዜ ምግብ አግኝታለች ማለት ነው።”

“ትብላ! ተመስገን” አሉ። አጠገባችን የተቀመጡትን ሰዎች ሁሉ በፈገግታ አዳረሷቸው።

ዊልስደን ቤታችን ደርሰን ሻይ ልጥድ ኩሽና ገባሁ። እትዬ ሙሉ ሳሎን ሆነው ለጓደኛቸው ለወይዘሮ አስካለ ሲደውሉ እሰማለሁ።

“ብርዱስ ብርድ ነው። ድብም አለ። ግን ሰዉ ደግ ነው፤ ያቺ ኢንግሪድ ልጅቷን እንደ ልጄ አያታለሁ ብላኛለች። … እኔማ ምን እሆናለሁ? አንቺ እያለሽ! በበጋ በበጋ እሄዳለሁ።”

ውኃው ሲፈላ እንኳ አላየሁትም። ብቻቸውን ቀርተው እንዳይጎዱ ስሰጋ፣ እሳቸው የሚሰጉት እኔ የምኖርበትን ቦታ ባለማየታቸው ኖሯል። ሩቅ ያለን ነገር ሄዶ ማየት ምን እንደሚያቀል፣ ሥራዬ ከሩቅ ማየት የሆነው እኔ ከእሳቸው ተማርኩ።

ሻዩን ይዤ ስገባ ስልኩን ዘጉ።

“ሰማሽ?” አሉኝ።

“ሰማሁ፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ሻንጣሽን ጣሪያ ሥር ሎፍት እንዳታስገቢው። እዚሁ በሩ ጋ ይቀመጥ።”