ላልቶ የተሰፋው እጅጌ

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው። እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ፣ መርፌም ከኮሌታው ስለማይጠፋ፣ በቲያትር ቤቱ ያለ ሁሉ «ጋሽ መርፌ» ይለው ነበር። ሚስቱም በዚያው ስም መጥራት ስትጀምር፣ አማቱ «ልጄን ለሰው የዳርኳት መስሎኝ ለመርፌ ነው እንዴ የሰጠኋት?» ብላ ቤቱን በሳቅ እንዳናወጠችው እስከ ዛሬ ያወራል።

ቲያትር ቤት የገባው በሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥር፣ ዚፕ ይቀይር ነበር። አንድ ቀን የቲያትር ቤቱ የአልባሳት ኃላፊ የባሏን ኮት ልታስጠግን መጣች። ሥራው ሲያልቅ ኮቱን ገልብጣ ገበሩን አየችው።

«የማይታየውንም እንደሚታየው ነው እንዴ የምትሰፋው?»

«ውስጡ የከፋ ልብስ ደጁ አያምርም፣ እመቤቴ» አላት።

በሳምንቱ ተቀጠረ። የሥራ ክፍሉ ከመድረኩ ጀርባ ሦስት ደረጃ ወርዶ የሚገኝ፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ጠባብ ክፍል ነበር። የንጉሡ ካባ፣ የለማኙ ቡትቶ፣ የሐኪሙ ጋዎንና የሙሽራዋ ቬሎ ግድግዳው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይውላሉ። «እዚህ ቤት ብል ንጉሥና ለማኝ አይለይም» ይል ነበር ጋሽ መርፌ።

ትልቋን ያወቃት እዚያ ነው። በቲያትር ቤቱ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴት ተዋናዮች ስለነበሩ፣ እንዳይምታቱ ቀድማ የተቀጠረችውን ትልቋ፣ ኋላ የመጣችውን ትንሿ ይሏቸዋል። ቁመታቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትንሿ መቃ የመሰለች ረጅም ስትሆን ትልቋ ጫማዋን አውልቃ ስትቆም ከጋሽ መርፌ ደረት አታልፍም። መድረክ ላይ ከወጣች በኋላ ምን እንደምትሆን ግን እንጃ፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያት ሰው ውጭ ሲወጣ «ያቺ ረጅሟ ሴትዮ» እያለ ነበር የሚያወራላት።

መጀመሪያ ቀን ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊቷ ቆመና «ልለካዎት፣ እትዬ?» አላት።

«ለካኝ። ቁጥሩን ጮክ ብለህ እንዳትናገር ግን፤ ወገቤ የመንግሥት ምስጢር ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ተዋናዮቹ የሚለብሱበት ክፍል ጫጫታው ሲበዛባት ወደ እሱ ክፍል ትወርዳለች። የጨርቅ ጥቅል ላይ ትቀመጥና ሙቅ ውኃዋን ፉት እያለች ቃሏን ታጠናለች። አንዳንዴ ልርዳህ ብላ ቁልፍ ትተክልለታለች። እሷ የተከለችውን ቁልፍ እሱ ተደብቆ ፈትቶ ደግሞ ይተክለዋል። ታውቅ ነበር፤ አውቃም ትተክላለች።

በሁለተኛው ዓመት አንድ አሳዛኝ ቲያትር ተያዘ። ታሪኩ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነው። የመንደሩ ጎተራ ይቃጠላል፤ ሰውም ይሞትበታል። እናቲቱ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ ያቃጠለውን ሰው ማንም ይሁን ማን በገዛ እጇ ለዳኛ እንደምታስረክብ ትምላለች። ኋላ ሲጣራ እሳቱን የለኮሰው አንድያ ልጇ ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻው ትዕይንት መሐላዋን ጠብቃ ልጇን እየመራች ታወጣዋለች። ዘቦቹ ሲወስዱት ግን ያስችላት መሰላችሁ? የልጁን እጅጌ ጨምድዳ ትይዛለች። እነሱ ይጎትታሉ፣ እሷ አትለቅም፤ እጅጌው ከትከሻው ተቀዶ እጇ ላይ ይቀራል። መጋረጃው ይዘጋል።

ልምምዱ እንደተጀመረ ትልቋ ወረደችና «አንተ መርፌ፣ የሚቀደድ ስፌት ትችላለህ?» አለችው።

ጋሽ መርፌ ትንሽ ከፋው። «እኔ የተማርኩት የማይቀደድ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ ማንም ይሰፋዋል። እኔ የምፈልገው የሚታገሥ ስፌት ነው። ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይደበደባል፤ ያን ሁሉ ይታገሥ። እኔ ስይዘው ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስክል ይታገሠኝ። ከዚያ ይሂድ።»

ሳምንት ሙሉ ፍዳውን አየ። ክሩን ሲያወፍረው እንኳን ሁለት ዘብ በሬም አይቀደው፤ ሲያቀጥነው ደግሞ ልጁ ገና ወደ መድረክ ሲገባ በር ይይዘውና ትከሻው ራቁቱን ይቀራል። ልምምዱ ሁሉ በሳቅ ይበተናል። በስምንተኛው ቀን ዘዴው መጣለት። ዙሪያውን በስስ የጥጥ ክር ዘርዘር አድርጎ በእጁ ሰፋው፤ አናቱ ላይ ብቻ፣ ትከሻና እጅጌ በሚገናኙበት፣ ሦስት ጠበቅ ያሉ ስፌቶች ጣለበት። ልጁ ሲጎተት ሦስቱ ተራ በተራ ይበጠሳሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ትልቋ በልምምዱ ላይ እጅጌው እጇ ላይ ሲቀር፣ ማልቀሷን ትታ ወደ መጋረጃው ጀርባ ዞረችና «የት ነው ያለው ያ መርፌ? ይሳም!» አለች።

ቲያትሩ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መታየት ጀመረ። ሕዝቡ በስሙ አይጠራውም፤ «እጅጌውን አየኸው?» ነው የሚባባለው። ሰው መሐረብ ይዞ ይገባል፤ የረሳ በሹራቡ ጫፍ ያብሳል። እሁድ የተቀደደውን ሰኞ ጠዋት ጋሽ መርፌ መልሶ ይሰፋዋል። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ከመጋረጃው ጎን ይቆምና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። አንዴም አልቅሶ አያውቅም ነበር። «ሰው ሁሉ ፊቷን ሲያይ እኔ ትከሻውን ነው የማየው፤ በምን ላልቅስ?» ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሆነ። በአራተኛው ዓመት ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አረገዘች። መውለጃዋ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲያመላልሳት ሰኞም ማክሰኞም አለፈ፤ እጅጌው እንደተቀደደ እሁድ ደረሰ። እሁድ ሊነጋ ሲል ምጧ መጣ። እስከ እኩለ ቀን የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ሲንጎራደድ አማቱ ወጥታ አየችው።

«አንተ ሰው፣ እዚህ ቆመህ ልታዋልድ ነው? ወለሉን አትጨርሰው፤ ሂድና ሥራህን ሥራ!»

እየሮጠ ሄደ። ቲያትሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ሸሚዙን ከመስቀያው አወረደ፣ መኪናው ላይ ደፋው፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጣለ፣ እጅጌውን ዙሪያውን አንዴ አስኬደውና ለልጁ ወረወረለት። መኪናው ላይ የነበረው ክር፣ ከስምንት ቀን በፊት የዘቦቹን ቀበቶ ሲሰፋበት የዋለው ናይለን መሆኑን ልብ አላለም። ልቡ ኮሪደሩ ላይ ነበራ!

ልብ ያለው በመጨረሻው ትዕይንት ነው። ትልቋ እጅጌውን ጨመደደች። ዘቦቹ ጎተቱ። ጋሽ መርፌ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። አራት። አምስት። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። አንደኛው ዘብ ጥርሱን ነክሶ «ቅደደው እንጂ!» ሲል ጋሽ መርፌ ካለበት ሆኖ ሰማው። እንደገና ጎተቱ። ናይለን ነው፤ ፍንክች አላለም።

ያኔ ትልቋ ለቅሶዋን አቆመች። የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል የገዛ እጇን አየችው። ከዚያ ትንሿን ጣቷን አላቀቀች፤ ቀጥላ ሌላውን፤ አንድ በአንድ። ጣቶቿ ሁሉ ሲለቁ የተጨማደደውን እጅጌ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አስተካከለችው፤ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት እንደምትልክ እናት። እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀችና፣ ጽሑፉ ላይ የሌለ አንድ ቃል ተናገረች። «ሂድ» አለችው።

መጋረጃው ተዘጋ። አዳራሹ አላጨበጨበም። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴትዮ ብድግ ብላ ቆማ ቀረች፤ ከወደ ኋላ የሆነ ሰው ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል። ጭብጨባው የመጣው በስንት ጊዜው ነው። ጋሽ መርፌ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያያት ያን ቀን ነው፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሶም አልታወቀውም።

እንባው ሲደርቅ ድንጋጤው መጣ። ክፍሉ ወርዶ መቀሱንና መርፌዎቹን በጨርቅ መጠቅለል ያዘ። ትልቋ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ገባች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«አበላሸሁብዎት፣ እትዬ። ሚስቴ ምጥ ላይ ሆና ልቤ እዚህ አልነበረም፤ ክሩን ሳላይ…»

«ወለደች?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም? ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለህ መርፌ ትጠቀልላለህ? ተነስ ሂድ!» ደረጃውን ሊወጣ ሲል ደግሞ ክንዱን ያዘችው። «ስማ፣ ከእንግዲህ አጥብቀህ ስፋው።»

«ምኑን?»

«እጅጌውን። አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ያጣሁት እጅጌው እየተቀደደብኝ ነው። ለካ መልቀቅ ነበረብኝ።»

ሐኪም ቤት ሲደርስ ሴት ልጅ ተወልዳለች። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል ግን አንድ ነገር ቅር አለው፤ ኋላ ለሚስቱ ነገራት። «ያ ስምንት ቀን የታሸሁበት ስፌት ከንቱ ቀረ እኮ!» ሚስቱም «አይዞህ፣ እኔ ዘጠኝ ወር ታሽቼ አንተን የምትመስል ነው የወለድኩት» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ትልቋ ልትጠይቅ መጣች። ሕፃኗን ታቅፋ ትኩር ብላ አየቻትና «አንቺ ነሽ ያንን ናይለን ያመጣሽብኝ?» አለቻት።

ቲያትሩ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ታየ። ሰኞ ለጋሽ መርፌ እንደማንኛውም ቀን ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን ትልቋ በቲያትሩ ሁለተኛ ክፍል መሀል ቃል ጠፋት። እህቷን ሆና የምትጫወተው ትንሿ የእሷን ቃል የራሷ አስመስላ ተናግራ አለፈችው፤ ሰው አላወቀም። በሌላው እሁድም ጠፋት። በሦስተኛው ትልቋ ወደ ስፌት ክፍሉ ወረደች። ጥቁሩን ቀሚስ አጥፋ ይዛ ነበር።

«ይህን ለትንሿ አስረዝመህ ስጥልኝ» አለች። የተናገረችው ለራሷም አሳቃት። «ለትንሿ አስረዝም! ይሄ ቤት መቼ ነው ሰውን በቁመቱ የሚጠራው?»

እሱም አብሯት ሳቀ። ስትወጣ ግን የቀሚሱን ጠርዝ ሊፈታ ጎንበስ ሲል ስፌቱ አልታይ አለው። አራት ጣት ሙሉ ነበር የሚለቀቀው፤ ሲጀመር ራሱ አጥፎ ያስቀመጠው።

ጡረታ እስኪወጣም ከወጣም በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቷ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። እየቆየ ስሙንም መልኩንም ረሳችው። አንድ ማክሰኞ ትራሷን ሲያስተካክልላት፣ እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችው።

«ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጥሩ ሙያ ነው። እኔም አንድ ጎበዝ ሰፊ አውቅ ነበር።»

«የት ደረሰ?»

አሰበች፣ አሰበችና «እንጃ» አለች። «ሚስቱ ወልዳበት እየሮጠ ሄደ፤ ከዚያ አላየሁትም።»

ያረፈችው በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ነው። በአርባኛው ቀን ቲያትር ቤቱ ወዳጆቿን ለመታሰቢያ ሰበሰበ፤ ጋሽ መርፌም ልጁ ክንዱን ይዛው ሄደ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተፋጠዋል። አንደኛው «እጅጌው እጇ ላይ ቀርቶ በዓይኔ አይቻለሁ!» ይላል፤ ሌላው «ውሸታም! ጣቷን ፈታ ነው የለቀቀችው!» ይላል። ከዘራ ሊማዘዙ ትንሽ ሲቀራቸው ጋሽ መርፌ መሀላቸው ገባ።

«አባቶቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እርስዎ ያዩት ይህቺ ልጄ ሳትወለድ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከተወለደች በኋላ» አለና ልጁን አሳያቸው። ሽማግሌዎቹ ሰውዬው ጤነኛ መሆኑን ለማጣራት ልጅቷን ነበር የሚያዩት።

ማታ እራት ላይ ትንሽ የልጅ ልጁ «አባባ፣ የትልቋ ድምፅ ግን እንዴት ነበር?» አለችው። በዚያ ዘመን ማንም በድምፅ አልቀዳትም፤ የቀረው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ጋሽ መርፌ ማንኪያውን አስቀመጠ። መድረክ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ሰውዬ ተነስቶ ወንበሩን ገፋና ጉሮሮውን ጠረገ። ትልቋ ቲያትሩን የምትጀምርባትን ቃል፣ ትከሻዋን ቀና አድርጋ እንደምትላት ሊላት ሞከረ።

«ማነው በሬን የሚመታው?»

ቀጭን፣ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። የልጅ ልጁ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ቆይ፣ እንዲህ አይደለም» አለና ደገመው። አልሆነም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ሦስተኛ ጊዜ ሲለው ግን ቤቱ ጸጥ አለ።

ከወጥ ቤት ሚስቱ «ሰው መጣ እንዴ?» አለች። «ክፈቱለት እንጂ!»