የአዲስ አበባ ጋዜጦች በዳላስ ፍርድ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከዳላስ ወጣ ብሎ ሳክሲ ካለው ቤታቸው ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የሕግ ተማሪ ናት። ወንድ በማፍቀሩ አገሩ መኖር ላልቻለ አንድ ጥገኝነት ጠያቂ፣ ስለዚያው አገር ሁኔታ መረጃ ትሰበስባለች።

“አክስቴ፣ ሶርሱ በጣም ብዙ ነው። ሶ፣ የቱን ፒክ ላድርግ?” አለችኝ።

ሳቄ መጣ። እኛ ያኔ የተቸገርነው መረጃ በማጣት ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ገደማ፣ ሃያዎቹን ገና ስጀምር፣ ዳላስ ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት ጠበቃ ዘንድ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። ከደንበኞቿ አንዱ እዚያው ዳላስ አጠገብ ሜስኪት የሚኖር የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ዳንኤል ልበለው። እሱም ወንድ የሚያፈቅር ወንድ ነበር። ፍርድ ቤት ካላመነው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ያገኘናቸው የእንግሊዝኛ ሪፖርቶች ሕጉ እንደሚከለክል በአንድ መስመር ጠቅሰው ያልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። እኛ አገር ዝም የሚባለው ነገሩ ስለሌለ እንዳልሆነ ለፈረንጅ ዳኛ እንዴት ይነገረዋል?

ዳንኤል ራሱም አላገዘንም። ጠበቃዋ “ቤተሰቦችህ ቢያውቁ ምን ያደርጉሃል?” ስትለው፣ “ቤተሰቦቼ ደግ ሰዎች ናቸው” ይላል። የቤቱን ገመና ለባዕድ ማውጣት ሞት ሆኖበት ነው። እኔ ገብቶኛል፤ እሷ ግን ጸጉሯን ልትነጭ ምንም አልቀራት።

የአማርኛ ጋዜጦች እንደሚያስፈልጉን የታየኝ ያኔ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት እንደ ፎቶ ስለሚለጠፉ ቃል ጽፎ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ጤፍና በርበሬ የሚሸጡት ጋሼ ተሰማ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ፊደል ያለበትን ወረቀት መጣል አይሆንላቸውም፤ መንገደኛ ያመጣላቸውን ጋዜጣ ሁሉ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ይከምሩታል።

“ጋሼ፣ ወንድ ከወንድ ስለሚኖሩት የተጻፈ ካለዎት ያውሱኝ። ለትርጉም ሥራ ነው” አልኳቸው።

“ጎሽ የኔ ልጅ! ይሄን ጉድ አሜሪካኖቹም ይወቁት!” አሉ። የጻፈውን ሁሉ በየስሙ እያመሰገኑ ሲያገላብጡ ዋሉ። ካርቶኑን በዚያ የዳላስ የነሐሴ ቃጠሎ ራሳቸው ተሸክመው መኪናዬ ውስጥ አስገቡልኝ፤ ዳቦ ቆሎም መረቁልኝ። ለማን እንደሚያግዙ አያውቁም። ዳላስ ውስጥ ከሳቸው የበለጠ ደግ ሰው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ እኔና ዳንኤል ቢሮ ቁጭ ብለን ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠምን ጋዜጦቹን ማገላበጥ ጀመርን። “ይታሰሩ”፣ “ይጥፉ” የሚለው ብዛቱ! እኔ የማስረጃ ነገር ሆኖብኝ ደስ አለኝ። ዳንኤል አንዱ ገጽ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

“ይቺን አባቴ አንብቦልናል” አለ። “ቁርስ ላይ፣ ጮክ ብሎ። ሲጨርስ ‘የኔ ልጅ ቢሆን በገዛ እጄ እቀብረው ነበር’ አለ።”

“አንተስ?”

“እኔማ አጠገቡ ነኝ። ፍርፍሩን ወደኔ ገፋ አድርጎ ‘ብላ እንጂ ልጄ’ አለኝ።”

ገጹን እኔ ፊት አኖረና፣ “በቃ፣ ጻፊው” አለኝ።

ዳኛው ጋዜጦቹን ከነትርጉማቸው ተቀበለ። የቁርሱን ነገር ግን ዳንኤል ራሱ እንዲነግረው ፈለገ፤ ነገረው። ጥገኝነቱ ተፈቀደለት። መኪና ውስጥ ገብተን “እንኳን ደስ አለህ!” ስለው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

“አባቴ ላይ እኮ መሰከርኩበት” አለ። ሃይዌይ ሠላሳን ይዘን ሜስኪት እስክንገባ አለቀሰ፤ እኔም እየነዳሁ አለቀስኩ።

“ሶ፣ ዊን አደረገ ማለት ነው?” አለች ስትሰማኝ የቆየችው የእህቴ ልጅ።

“አዎ።”

“ደስ ሲል!”

ደስማ ይላል፤ ሰው ድኗል። ግን አንድ ሰው ለመዳን የሚወዱት ሰዎች ሊገድሉት እንደሚችሉ ማስረዳት ሲኖርበት፣ ምን ተብሎ ደስታ እንደሚገለጽለት እስከዛሬ አላውቅም። ዳንኤል አሁንም እሑድ እሑድ አባቱ ጋ ይደውላል። አባትዬው አርጅተዋል። “መቼ ነው የምትመጣው ልጄ?” ይሉታል።

“ሥራ በዛብኝ፣ አባባ” ይላቸዋል።