የግራዋ ሰንደል

«ለማይሄድ ልጅ ሰንደል ምን ይሠራለታል?» ብሎ ቋጠሮን የጠየቀ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። በአንድ ሆስፒታል ልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ስንቷ ነርስ ጠይቃት አፏን ይዛ ተመልሳለች መሰላችሁ! «ስምስ የምታወጡለት ሲጠሩት አቤት ስለሚል ነው?» ትላለች፤ አንገቷን እንኳ ቀና ሳታደርግ፣ ኪሮሿን ክሩ ውስጥ እንደ ሰካች። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ተከራካሪ የለም።

ቋጠሮ የእናት አባት ስሟ አይደለም፤ እሱን የሚያውቀው የጡረታ ደብተሯ ብቻ ነው። ስትወለድ ግራ እጇ ላይ ስድስት ጣት ነበራት። አያቷ «ሰው ሳያያት እናስወግዳት» ብላ ትርፏን ጣት በክር ጥፍር አድርጋ አሰረቻት። ጣቷስ ወደቀች፤ ግን እጅየው አመርቅዞ እስከ ክርኗ አበጠ፣ ሕፃኗም ለትንሽ ተረፈች። የቀራት አንዲት ጎባጣ ትንሽ ጣትና ከጎኗ ባቄላ የምታክል እብጥ ያለች ጠባሳ ናት። የሰፈር ልጆች «ቋጠሮ! ቋጠሮ!» እያሉ ያሯሩጧት ጀመር። አልቅሳ አልቅሳ ሲሰለቻት አንድ ቀን ዞር ብላ «አቤት!» አለቻቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አቤት እንዳለች ነው።

የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ሊቀጥራት ሲል እጇን አይቶ «በዚህ እጅ?» ብሏት ነበር። «በዚህ እጅ» አለችና ከጠረጴዛው ላይ አንሶላ ስባ፣ ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ዙሪያውን ዘምዝማ ጭኑ ላይ ጣለችለት። የኪሮሽ ሥራ ስትሠራም ክሩን የምትጠመጥመው በዚያችው ጎባጣ ጣት ነው። «ለክር የተፈጠረች ጣት ናት፤ የእናንተ ቀጥ ያሉት ይንሸራተታሉ» እያለች ትፎክራለች። ከአሮጌ ሹራብ በተረተረችው ክር፣ ልብስ ሳይኖራቸው ከማዋለጃ ክፍል ለሚወጡ ጨቅላዎች ሰንደል ትሠራ ነበር። ልክ አትወስድም፤ የሌባ ጣቷ ሁለት አንጓ የጨቅላ ጫማ ልክ ነው። እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዓይን» ትላታለች፤ ለቀኝ ሃያ ሁለት ዓይን፣ ለግራ ሃያ ሁለት ዓይን፣ ፊቱ ክፍት፣ ከኋላ ማሰሪያና አንድ ቁልፍ። «የልጅ እግር ይተንፍስ፤ ጣቶቹም ዓለምን ይዩ!» ነው የምትለው።

እንግዲህ ይህችን ደፋር አንድ ነገር ብቻ ያሸንፋታል፤ ፎቶ። ካሜራ ባየች ቁጥር ግራ እጇ ሹልክ ብሎ ኪሷ ውስጥ ይገባል። ጡረታ ስትወጣ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፤ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ እጇ የለም። ስለዚህ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማን ደፍሮ!

በዚህ ዓመት የእህቷ ልጅ ወለደች። እህቷ ከሞተች በኋላ ልጅቱን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ቋጠሮ ናት፤ አሁንም የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ነው። የልጅቱ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን እናቱ ፊት ሲቆም ምላሱ ይታሰራል። የተወለደችው ሴት ናት፤ ጤነኛ፣ ወፈር ያለች፣ ስታለቅስ ግቢውን የምታናውጥ። ግራ እግሯ ላይ ስድስት ጣት አላት።

ሐኪሙ አገላብጦ አየና «ምንም አይደለም፤ ውስጧ አጥንት ስላለ እንዳትነኳት። ማስወገድ ካስፈለገም ስታድግ እዚሁ ይታያል» አለ። እናትየው ሰማች ወይ? ጆሮ ዳባ ልበስ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ካልሲ ለብሳ ትውላለች፤ ቆርቆሮው በሙቀት በሚንጣጣበት ቀን እንኳ ወፍራም ካልሲ። ጠያቂ መጥቶ ሕፃኗን ሊያቅፍ ሲል እናትየው ቀድማ እግሯን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ካልሲውን የምትቀይርላትም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ቋጠሮ አንዳንዴ «አትደብቂያት» ከማለት በስተቀር ሦስት ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ቻለችው። ለሷ ሦስት ወር ዝም ማለት ሦስት ዓመት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አዲስ ቢጫ የጥጥ ክር አወጣች። ለሌላው ልጅ ሁሉ ትርትር፣ ለዚህች አዲስ! እያጉረመረመች ሁለቱንም ሰንደል ጨረሰችና በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«አውልቂላት እስቲ ያን ጆንያ!»

«አክስቴ፣ ብርድ እንዳይመታት...»

«ብርድ? እኔ በላብ ልሟሟ ነው አንቺ ብርድ ትያለሽ!»

የቀኙ ልክክ ብሎ ገባ። የግራው ግን እምቢ አለ። ቋጠሮ ገፋ ስታደርገው ስድስተኛዋ ጣት በጠርዙ ታጠፈችና ሕፃኗ ጩኸቷን ለቀቀችው። እናትየው ልጇን ነጠቀቻት።

«አየሽ? አየሽ አክስቴ? አንቺ እንኳ ረሳሻት!»

ቋጠሮ ሰንደሉን ገልብጣ ዓይኖቹን ቆጠረች። ሃያ ሁለት ለቀኝ፣ ሃያ ሁለት ለግራ። እጇ እንደ ልማዱ ሄዶ አምስት ጣት ቆጥሮ ተመልሷል። ከሰው ሁሉ እጅ የሷ እጅ! እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

«ልጄ፣ እኔ...»

«ሁልጊዜ አትደብቂያት፣ አትደብቂያት ትይኛለሽ። አንቺስ? ግድግዳሽ ላይ ባለው ፎቶ እጅሽ የት አለ?»

ይህ ከአፏ ሲወጣ ልጅቱ ራሷ ደነገጠች። ቋጠሮ ብድግ አለች። የግራውን ሰንደል ይዛ ወጣች፣ ደጃፏ ላይ ተቀመጠችና ጫፉን ስባ እስከ መጨረሻዋ ዓይን ተረተረችው።

ሐሙስ ዕለት የሾፌሩ እናት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከተፍ አለች። እሑድ ቤተሰቡ ፎቶ ቤት ሊሄድ ነው። ሴትዮዋ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ደርድራ ሰቅላለች፤ የቀረቻት ይህችኛዋ ናት። ሕፃኗን ልታጥብ ካልሲውን ስታወልቅ ያየችውን አየች። አልጮኸችም፤ ስትቆጣ ድምጿ እየለሰለሰ የሚሄድ ዓይነት ሴት ናት። ዓርብ ጧት የቋጠሮ በር ላይ ቆመች።

«እንደምን አደሩ፣ እህቴ?»

«ይመስገን። ይግቡ።»

«አይ፣ አልቀመጥም። ጠንከር ያለ ክር ቢኖርዎት ብዬ ነው። ትንሽ ትበቃኛለች።»

«ለምን ሊሆንዎት?»

«ለ... ቁልፍ መትከያ።»

«ልብሱን ያምጡት፣ እኔ እተክልልዎታለሁ።»

«ኧረ ምን አደከመዎት!»

አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ! ቋጠሮ ዕድሜ ልኳን ክር የሚለምን ሰው አይታለች። ቁልፍ ሊተክል የመጣ ሰው የሚጠይቀው ስለ ክሩ ቀለም ነው። ይህች የጠየቀችው ስለ ጥንካሬው ነው። ቋጠሮ ተነስታ ግራ እጇን ሴትዮዋ አፍንጫ ሥር ዘረጋችው።

«ይህችን ያዩዋታል? ይህች የክር ሥራ ናት። አያቴም እንደርስዎ ለደጉ ብላ ነው ያሰረችው። ልሞት ነበር!»

«እሱ የድሮ ነገር ነው። እኔ በአልኮል አጽድቼ...»

«ሐኪሙ አትንኳት ብሏል!»

«ሐኪም ነው አብሯት የሚኖረው? ነገ ጫማ ስታወልቅ ሰው ሲስቅባት ሐኪሙ ሊቆምላት ነው?» ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም እኮ፤ ይህን ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «የልጅ ልጄ ናት። እኔም እወዳታለሁ።»

«መውደድዎን አልጠረጠርኩም። ክር ግን ከዚህ ቤት አይወጣም!»

«ክር ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው እንዴ?» አለች ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምጿ፣ ሄደችም።

እውነቷን ነው። ክር በየሱቁ ሞልቷል። ይህ አሁን ነው ቋጠሮን የገባት። ሴትዮዋን ከበር ብትመልሳት በመስኮት ትገባለች። ሾፌሩ እንደሆነ አይናገርም። ያቺን ጣት የሚያድናት የእናቷ አፍ ብቻ ነው፤ የእናቷ አፍ ደግሞ ይኸው ሦስት ወሩ፣ ከካልሲው ጋር ተጠቅልሏል።

ቅዳሜ፣ ሾፌሩ ሥራ ላይ ሳለ፣ እናቱም ገበያ ስትወጣ፣ ቋጠሮ ጠብቃ ክሯን ይዛ ልጅቱ ጋ ሄደች። አሁን ግን አንኳኳች።

«ልለካት ነው የመጣሁት» አለች። «ያን ዕለት ሳልለካ መሥራቴ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ፎቶውም ያልሽው እውነት ነው። በይ እግሯን ያዢልኝ።»

ክሩ ወደ ጣቶቹ ሲጠጋ እናትየው የልጇን እግር ወደ ራሷ ሳበች።

«አክስቴ፣ እማማ ክር ገዝተው...»

«አውቃለሁ። እኔም ጋ ለቁልፍ ነው ብላ መጥታ ነበር።»

«ነገ ጧት ነው ያሉት፣ ፎቶ ከመሄዳችን በፊት። እሱም ዝም አለ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ዝም አልኩ።»

ቋጠሮ አልተቆጣችም፤ ይህ ራሱ ተአምር ነው። ክሩን ልጅቱ እጅ ላይ አኖረችው። «እኔ ሁልጊዜ ከጎንሽ አልኖርም፤ አርጅቻለሁ። ለኪያት። አንቺ ቁጠሪ፣ የኔ እጅ አምስት ላይ ማቆም ለምዶበታል።»

እናትየው መለካት ጀመረች። ከጣት ወደ ጣት እየነካች ሄዳ ስድስተኛዋ ላይ ቆመች። ያቺን ጣት ፊቷን ሳታዞር ስትነካት ያ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ሌሎቹ ለስላሳ ናት፣ እንደ ሌሎቹ ትሞቃለች፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥፍርም አላት። ሕፃኗ ተኮረኮረችና ሳቀች።

«ስድስት» አለች እናትየው ጮክ ብላ። ለግራ እግር ሃያ ስምንት ዓይን ወጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰንደሉ አለቀ። ሰፋ ስላለ ቢጫው ክር ከማሰሪያው አላለፈም፤ ቁልፏ ሳትተከል ቀረች። ጎባጣዋም ጣት ከዚህ በላይ አልታጠፍም አለች። «ቁልፏን ጧት» አለች ቋጠሮ።

እሑድ ጧት የግራውን ሰንደልና ቁልፏን ይዛ ስትገባ ነገሩ ተጀምሯል። የሾፌሩ እናት ሕፃኗን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ካልሲውን አውልቃ፣ ሰም የተቀባ ጥቁር የጫማ ሰፊ ክር በጣቶቿ ወጥራ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ የአልኮል ጠርሙስ ተቀምጧል። ሾፌሩ ክራባቱን አስሮ ወለል ወለሉን ያያል። ቋጠሮ አፏን ከፈተች፤ ጣሪያ የሚያስነሳ ስድብ ከዓርብ ጀምሮ አዘጋጅታ ነበር።

«እማማ፣ ክሩን ይስጡኝ» አለች እናትየው።

ቋጠሮ አፏን መልሳ ገጠመች።

«ቆይ ልጄ፣ አንዴ ነው። እሷ እንኳ አታውቀውም።»

«ይስጡኝ አልኩ!» ክሩን ከሴትዮዋ ጣቶች መሐል ስባ ወሰደችው። «አክስቴ፣ ሰንደሉንና ቁልፏን አምጪ።»

መርፌ ከመጋረጃው ላይ ነቀለች፣ ሰንደሉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ቁልፏን በዚያ ጥቁር ክር መትከል ጀመረች። አንዴ መርፌው ወጋት፤ ጣቷን መጠጠችና ቀጠለች። አራት ጊዜ አመላልሳ ቋጠረችና የተረፈውን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

«እውነትም ጠንካራ ክር ነው» አለች። «ለቁልፍ ነው አይደል ያሉት?»

ቋጠሮ ሳቋ አመለጣት። የሾፌሩ እናት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሰው ምን ይላል ልጄ? ሰው!»

«ያለውን ይበል። ሲደክመው ይተዋል። ልጄን ግን ማንም አያስራትም!»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ ልጅቷን ለእናቷ ስጫት» አለ። ንግግሩ ይህችው ናት፤ ከሱ አፍ መውጣቷ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከጀርባ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከፊት ሁለት መብራት። የሾፌሩ እናት አኩርፋም ቢሆን መጥታለች፤ ኩርፊያ ከፎቶ አያስቀርም። ፎቶ አንሺው በካሜራው ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«እህት፣ የሕፃኗን እግር ሸፈን ብናደርገው? ፎቶው እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ጣቶቿ ስድስት ናቸው» አለች እናትየው። «ስድስቱም ካልወጡ ፎቶውን አንቀበልህም።»

ቋጠሮ ዳር ቆማ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። ያሳደገቻት ልጅ! ደረቷን ነፋች፣ እንደ ዘበኛ ቀጥ አለች፣ ግራ እጇም እንደ ልማዱ ኪሷ ውስጥ ገባ።

«አንድ፣ ሁለት...» ሲል ፎቶ አንሺው፣ እናትየው ዘወር አለች።

«ቆይ! አክስቴ፣ እጅሽን።»

«የትኛውን እጄን?» አለች ቋጠሮ። አልሸሹም ዞር አሉ!

«አውጪው።»

ቋጠሮ ልጅቱን አየቻት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። «አንቺ ደፋር!» አለቻት። እጇን አወጣችው፤ አውጥታ ግን የምታስቀምጥበት ጠፋት። ኋላ ጎንበስ ብላ በሕፃኗ ግራ እግር ሥር አደረገችውና፣ ቢጫ ሰንደሏን ወደ ካሜራው ቀና አድርጋ ያዘችላት። ጎባጣዋ ጣትና ስድስተኛዋ ጣት ጎን ለጎን ሆኑ።

«አንሳ እንግዲህ!» አለችው ፎቶ አንሺውን። «ምን ታፈጥብናለህ?»